አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዶ መደገፍ፦ የድሬዳዋ የማኅበራዊ ሥራ ተሞክሮ

በድሬዳዋ ከተማ በማኅበራዊ ሥራ ሙያ ከአረጋውያንና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ስሠራ፣ ከልጆችና ከጎረቤቶች አንደበት አዘውትሬ የምሰማው ማብራሪያ «እርጅና ነው» የሚል ነው። አባት ምግብ ትተው ቀኑን ሙሉ ተኝተው ቢውሉ፣ እናት በሌሊት ተነሥተው ከግቢው በር ጋር ሲታገሉ ቢገኙ፣ ትናንት ደኅና የነበሩ ሰው ዛሬ የልጃቸውን ስም ቢስቱ፣ ለሁሉም የሚሰጠው ምክንያት ይኸው አንዱ ነው። ምክንያቱ አንዴ ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ሐኪም ቤት የሚወስድ፣ መድኃኒታቸውን የሚመለከት፣ ምን እንደሚያስጨንቃቸው ቀርቦ የሚጠይቅ ይጠፋል። በሥራዬ ያየሁት ግን እርጅና ተብሎ ከታለፈው ነገር ውስጥ ብዙው ሊታከም፣ ባይታከም እንኳ ሊቃለል የሚችል መሆኑን ነው። ይህን የምጽፈው ወላጅ ወይም አያት እየጦሩ ግራ ለገባቸው ሰዎችና ወደ ሙያው ገና ለሚገቡ ወጣቶች ነው።

የከተማችን አረጋውያን ያለፉበትን ሕይወት ሳያውቁ የዛሬውን ጭንቀታቸውን መረዳት አስቸጋሪ ነው። ድሬዳዋ ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ እንደመሆኗ፣ ዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት ከሆናቸው ነዋሪዎቿ ብዙዎቹ ኑሯቸውን የመሠረቱት በምድር ባቡር፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ወይም በቀፊራ ገበያ ነበር። ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ዐረብ አገርና ወደ አዲስ አበባ ሄደዋል። ገንዘብ የሚልኩ አሉ፤ ይሁን እንጂ የተላከው ገንዘብ በሌሊት መጸዳጃ ቤት ድረስ ደግፎ የሚያደርስ ሰው አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሕይወቱን ባጣበት ጎርፍ የቅርብ ሰው የተነጠቁም በመካከላቸው አሉ። ከወንዙ ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት እናት ዝናብ በጣለ ሌሊት ሁሉ ልብሳቸውን እንደለበሱ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር፤ ቤተሰቡም ይህን የመጃጀት ምልክት አድርጎ ነገረኝ። ብቻቸውን አግኝቼ ስጠይቃቸው ያችን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ሳያዛንፉ ተረኩልኝ። የማስታወስ ችሎታቸው ምንም አልጎደለም፤ ያሠቃያቸው የነበረው ለዓመታት ማንም ያልጠየቃቸው ፍርሃት ነው።

የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት በአገራችን በከፍተኛ ትምህርት ደረጃ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ቢሆንም፣ ለብዙ ዓመታት ተቋርጦ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዳግም የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዚህም የተነሣ ይመስለኛል፣ ብዙ ቤተሰብ በሩ ላይ ሲያየን የእርዳታ ስም ጸሓፊ አድርጎ ይቆጥረናል። ስለዚህ ምን ይዤ እንደመጣሁና ምን ይዤ እንዳልመጣሁ አስቀድሜ በግልጽ እናገራለሁ፤ ተስፋ ሰጥቶ መጥፋት ለአረጋዊ ሰው ከባድ ጉዳት ነው።

የመጀመሪያውን ጉብኝት የማደርገው ሙቀቱ ሳይበረታ በጧት ነው። ከምሳ በኋላ ከተማው ያርፋል፤ ከወንዶቹ አረጋውያንም ብዙዎቹ ጫት ላይ ይቀመጣሉ፤ የረጋ ጨዋታ የሚገኘው ከዚያ በፊት ነው። እንደገባሁ ወረቀትና እስክሪብቶ አላወጣም። ሆጃ ወይም ቡና ቀርቦልኝ እስክጠጣ ድረስ የሚጠጣ ውኃ እጃቸው ከሚደርስበት ቦታ መኖሩን፣ መኝታቸው ከወለሉ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ስንት ደረጃ እንደሚወረድና በማታ መብራት እንዳለ አያለሁ። መድኃኒቶቻቸው በአንድ ፌስታል ተጠራቅመው እንደሆነ፣ ከመካከላቸውም ጊዜው ያለፈበት እንዳለ አስተውላለሁ። ከሁሉም ይልቅ የምከታተለው ማን እንደሚናገር ነው። ጥያቄዬን ለአባባ አቅርቤ መልሱን በእያንዳንዱ ጊዜ ልጃቸው የሚሰጥ ከሆነ፣ ከመሄዴ በፊት ለጥቂት ጊዜ ሁለታችን ብቻ የምንቀመጥበትን መንገድ እፈልጋለሁ፤ ቤት ውስጥ ካልተመቸ ጥላ ሥር ወጣ ብለን እንነጋገራለን።

ከአረጋውያን መካከል «ድባቴ ይዞኛል» ብሎ የነገረኝ ሰው አላስታውስም። የሚነገረኝ «ሰውነቴን ያቃጥለኛል»፣ «እንቅልፍ እምቢ አለኝ»፣ «እህል አልወርድልህ አለኝ»፣ «ልቤ ይመታል» የሚል ነው። በዚህ ዕድሜ ድባቴ (ዲፕረሽን የሚባለው የአእምሮ ሕመም) ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በሰውነት ሕመም፣ በምግብ ፍላጎት ማጣትና ቀድሞ ይወዱት ከነበረው ነገር በመራቅ ስለሆነ፣ ቤተሰቡም ጤና ጣቢያውም ለሆድና ለወገብ መድኃኒት እየሰጡ ወራት ያልፋሉ።

አንድ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩ አባት ዘንድ የተጠራሁት እንዲህ ባለ ሁኔታ ነበር። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ በየቀኑ ከሰዓት ወደ ከዚራ ሰፈር ወጥተው ከጓደኞቻቸው ጋር የሚቀመጡበትን ልማድ አቆሙ፤ ልብሳቸው ሰፋቸው፤ ራዲዮናቸውን ዘግተው አስቀመጡት። ልጃቸው «አባባ ጸጥ ያሉ ሰው ሆነዋል፤ ዕድሜያቸው ነው» አለችኝ። እኔ «አባባ፣ በዚህ ሰዓት ድሮ የት ነበር የሚውሉት?» ብዬ ስጠይቃቸው ስለ ጋራዡ፣ ስለ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ አለቆቻቸውና በሐዲዱ ዳር ስላደሩባቸው ሌሊቶች ብዙ ነገሩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አሁን ማንም አይጠብቀኝም» አሉኝ። ሐዘኑ የሚስታቸው ሞት ብቻ አልነበረም፤ የሚፈለጉበት ቦታ እንደሌለ ማመናቸውም ጭምር ነበር።

በቀጣዩ ጉብኝት የድባቴ ምልክቶችን የሚለካውን ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ ከእርሳቸው ጋር በጨዋታ መልክ ሠራነው። መጠይቁ ያለፉትን 2 ሳምንታት የሚመለከቱ 9 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ሰውየው በባለሙያ እንዲታይ ማድረግ የተለመደ አሠራር ነው። ነጥቡ ብቻውን ምርመራ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረትና አንዳንድ መድኃኒቶች ተመሳሳይ ምልክት ስለሚያመጡ የአካል ምርመራው መቅደም አለበት። እኚህ አባት ሆስፒታል ሲሄዱ አብሬያቸው ሄጄ ነበር፤ ምክንያቱም ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ ሐኪሙ የሚለውን ሁሉ «እሺ» እያሉ ያሳልፉታል። ጆሯቸው ሲታይ ኩክ ተጠራቅሞ ተገኘና ታጠበላቸው፤ ሰው ሲያወራ መስማት መቻላቸው ብቻ ከቤተሰቡ ጋር ወደ መዓድ እንዲመለሱ ትልቅ እገዛ አደረገ። ወላጃችሁ ዝም ካለ ጆሮውንና ዓይኑን አስመርምሩ የምለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መድኃኒት ተጀመረላቸው። ቤተሰቡ በሳምንቱ ለውጥ ባለማየቱ ሊያስቆም ፈለገ፤ የድባቴ መድኃኒት ግን ጥቅሙ እስኪታይ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል፤ ይህንን አስቀድሞ ማስረዳት የእኔ ሥራ ድርሻ ነው። ሌላም የምከታተለው ነገር አለ። በብዛት ከሚታዘዙት አንዱ የሆነው አሚትሪፕቲሊን በአረጋውያን ላይ የአፍ መድረቅ፣ ሽንት መከልከል፣ ሲነሡ ማዞርና መደናገር ሊያስከትል ይችላል። መድኃኒት መለወጥ የሐኪም ሥልጣን ነው፤ ነገር ግን እኔ ቤት ሄጄ ያየሁትን መደናቀፍና ማዞር ጽፌ ካላደረስኩ ሐኪሙ ሊያውቅ አይችልም። ጫት እንደሚቅሙም ሳልነቅፍ ጠይቄ ለሐኪሙ እንዲነገር አደርጋለሁ፤ እንቅልፍንና የምግብ ፍላጎትን ስለሚነካ፣ ከደም ግፊትና ከመድኃኒት ጋርም ስለሚገናኝ ነው። ለእኚህ አባት ከመድኃኒቱ እኩል የረዳቸው የቀድሞ የሥራ ባልደረቦቻቸውን አፈላልጌ ሁለቱ በየተራ በባጃጅ እየመጡ ወደ ከዚራ እንዲወስዷቸው ማድረጌ ነው። ባልደረቦቻቸው ባይመጡ ኖሮ መድኃኒቱ ብቻውን ከአልጋ ያነሣቸው ነበር ብዬ አላምንም።

ቤተሰቦች ሁሉ እንዲያውቁት የምፈልገው አንድ ልዩነት አለ፤ እርሱም ለውጡ በምን ያህል ጊዜ እንደመጣ ነው። የመርሳት በሽታ በወራትና በዓመታት ቀስ እያለ ይመጣል። ድባቴ በሳምንታት ውስጥ ይታያል፤ ሰውየውም ሲጠየቅ ብዙ ጊዜ «አላውቅም» እያለ ይተወዋል። በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር፣ በተለይ በቀኑ ውስጥ አንዴ እየተሻለ አንዴ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ፣ ከሰውነት የመነጨ አስቸኳይ ሕመም ተደርጎ መወሰድ አለበት። በሙቀቱ ወራት አንዲት እናት በሁለት ቀን ውስጥ ሰው መለየት አቅቷቸው፣ ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያሳዩ ሲጮኹ፣ ጎረቤቶች መንፈስ ነው ብለው ተሰብስበው ደረስኩ። ምላሳቸው ደርቆ ነበር፤ ልጃቸውን ስጠይቃት ሽንታቸው እንዳነሰና እንደጠቆረ ነገረችኝ። ወዲያው ወደ ሆስፒታል ሄድን። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንና የውኃ እጥረት ሆኖ ተገኘ፤ ከታከሙ በኋላም አእምሯቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ። በዕድሜ የገፋ ሰው የውኃ ጥም ስሜቱ ይቀንሳል፤ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ከተማ «ሲጠማቸው ይጠይቃሉ» ብሎ መተው አደገኛ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ ሌሊት መጸዳጃ ቤት መመላለስን ፈርተው ሆን ብለው ውኃ ይተዋሉ። እንዲህ ላሉት ሰዎች ከአልጋቸው አጠገብ የሽንት ፖፖ ማስቀመጥ ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን የሚጠጣው መጠን በሐኪም መወሰን አለበት።

የመርሳት በሽታ ሲሆን ሥራው ረጅም ነው፤ አብዛኛው ድጋፍም የሚሰጠው ለሚጦረው ሰው ነው። እንደ ድሬዳዋ ባለች ብዙ ቋንቋ በሚነገርባት ከተማ ደጋግሜ ያየሁት ነገር፣ በኋላ የተለመደው ቋንቋ አስቀድሞ መጥፋቱ ነው። ዕድሜያቸውን በአማርኛ ሲነግዱና ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ አንዲት እናት በሽታው ሲገፋ ወደ ልጅነት ቋንቋቸው ወደ ኦሮምኛ ተመለሱ። የልጅ ልጆቻቸው የሚሉትን ስላልተረዱ «ይለፈልፋሉ» ይሉ ነበር። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጎረቤት አስጠርቼ ስንሰማ፣ እያሉ የነበረው ጥርሳቸውን እንደሚያማቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለውኃ፣ ለሕመም፣ ለመጸዳጃና ለምግብ የሚሆኑ ጥቂት ቃላትን ተማሩ፤ ጩኸቱም ቀነሰ።

የሞተ ሰው «የት ሄደ?» ብለው ሲጠይቁ በእያንዳንዱ ጊዜ መርዶ ማርዳት አያስፈልግም። ስለዚያ ሰው እንዲያወሩ ማድረግ፣ «ስለ እርሱ ያጫውቱኝ» ማለት ይበቃል። የከሰል ምድጃውን ካሉበት ክፍል ማራቅ፣ ከግቢ ሲወጡ እንዲሰማ በሩ ላይ ቃጭል ማንጠልጠል፣ የሰፈሩን ሱቅ ባለቤትና የባጃጅ ሾፌሮቹን አስቀድሞ ማሳወቅ፣ ኪሳቸው ውስጥ ስልክ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት መስፋት ሁሉም ገንዘብ ብዙ የማይጠይቁና የሚሠሩ ነገሮች ናቸው። መቆለፍና ማሰር ግን መውደቅንና ሽብርን ያባብሳል፤ ክብርንም ይነካል።

ጦሪዋ ብዙ ጊዜ ሴት ልጅ ወይም ምራት ናት። ወንድሞቿ ገንዘብ በመላካቸው ድርሻቸውን እንደተወጡ ይቆጥራሉ፤ እርሷ ግን ሌሊት አትተኛም፤ ቀን ሥራዋን ትታለች፤ «ደከመኝ» ብትል የወላጅ ምርቃት እንዳያመልጣት ትፈራለች። እንዲህ ካለች ሴት ጋር ስቀመጥ የመጀመሪያ ጥያቄዬ «አንቺስ ሌሊቱን እንዴት ነሽ?» የሚል ነው። ብዙዎቹ በዚህ ጥያቄ ላይ ያለቅሳሉ። ከዚያ ውጭ አገር ያሉትን ልጆች በስልክ ጨምረን ቤተሰቡን እንሰበስባለን። የምጠይቃቸው ከገንዘብ ሌላ የተወሰነ ነገር ነው፤ በሳምንት ሁለት ከሰዓት የሚቀመጥ ዘመድ ወይም የሚከፈላት ረዳት ማን ትሆናለች፣ ሐኪም ቤት የሚወስደው ማን ነው፣ በየትኛው ቀን ማን ይደውላል የሚለው ተጽፎ ይቀመጣል። ዕድሮችንም አነጋግረናል። አባላቱ ሲሞቱ ድንኳን የሚተክለውና አስተዛዛኝ የሚያሰባስበው ዕድር፣ ከአልጋ የዋለ አባሉን በሕይወት ሳለ በተራ እንዲጠይቅ ሲጠየቅ እሺ የሚልበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም፤ በተለይ ሴቶቹ አባላት ወዲያው ይነሣሉ።

አሁን የምጽፈውን ሰዎች መስማት ባይወዱም አልዘለውም። «ምነው አምላክ በጠራኝ» የሚለው ንግግር በአረጋውያን ዘንድ የተለመደ ስለሆነ ማንም አይደነግጥበትም። እኔ ግን በዝግታ «ሕይወትዎን ለማጥፋት አስበው ያውቃሉ? በምን መንገድ?» ብዬ በቀጥታ እጠይቃለሁ። መጠየቁ ሐሳቡን አያሳድርም፤ ብዙዎች የሚጠይቃቸው በማግኘታቸው እፎይ ይላሉ። ዕቅድ ያለው ሰው ብቻውን አይተውም፤ ፀረ ተባይ ኬሚካል፣ የተጠራቀመ መድኃኒትና ገመድ ከቤት ይወጣል፤ በዚያው ቀንም ሆስፒታል ይኬዳል።

በደልም አለ። ምክንያቱን ማስረዳት የማይቻል ሰንበር፣ የጡረታ ደብተራቸው በሌላ ሰው እጅ መሆኑ፣ ስለ ቤቱ ውርስ ጭቅጭቅ በበዛበት ሰሞን አረጋዊው ድንገት ዝም ማለታቸው የማልፋቸው ምልክቶች ናቸው። በመጀመሪያ እርሳቸው ምን እንደሚፈልጉ እጠይቃለሁ፤ ብዙዎቹ ልጃቸው እንዲከሰስ ሳይሆን ድርጊቱ እንዲቆም ብቻ ነው የሚሹት። የአገር ሽማግሌና የሃይማኖት አባት በዚህ ረገድ ብዙ ይረዳሉ፤ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ግን ሽምግልና አይበቃም፣ ወደ ፖሊስና ወደ ሕግ መሄድ ግድ ይሆናል።

ሃይማኖትን ከሕክምና ጋር አላጋጭም። ወደ ቁልቢ ገብርኤል ወጥቶ መሳል የሚሹ እናት ታኅሣሥ 19 እንዲደርሱ መኪናውንና አብሯቸው የሚሄደውን ሰው በማመቻቸት ረድቻለሁ፤ መስጊድ ሄደው ጁምዓ መስገድ የቀረባቸው አባት የሚቀመጡበት ወንበር ተዘጋጅቶላቸው ተመልሰዋል። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጸበሉም ቁርኣኑም መድኃኒት ሳይቋረጥ ይሁን። ይህን ከእኔ ይልቅ ካህኑ ወይም ኢማሙ ሲናገሩት ይሰማል፤ ስለዚህ አስቀድሜ እነርሱን አነጋግራለሁ። የጾም ወቅት ሲመጣ ደግሞ የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ አረጋውያንን ጉዳይ ከሐኪሙና ከእነርሱ ጋር በጊዜ እንነጋገርበታለን።

የወረቀት ሥራው አድካሚ ቢሆንም የአእምሮ ጤናን በቀጥታ የሚነካ ነው፤ የነገ መድኃኒት የሚገዛበት የሌለው ሰው እንቅልፍ አይወስደውም። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲደግፍ ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2016 ድሬዳዋን ጨምሮ በ11 ከተሞች የተጀመረው፣ ድሃ ቤተሰቦችን የሚደግፈው የከተማ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም መሥራት ለማይችሉ ሰዎች የቀጥታ ድጋፍ ክፍል ነበረው። በቀበሌው የትኛው ድጋፍ ክፍት እንደሆነ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ምዝገባና እድሳት መቼ እንደሆነ፣ መክፈል የማይችል ቤተሰብ እንዴት እንደሚካተት በየዓመቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። የታደሰ የቀበሌ መታወቂያ ከሌለ ሁሉም በር ይዘጋል፤ ስለዚህ መራመድ ለማይችሉት ከሁሉ አስቀድሜ የምጨርሰው እርሱን ነው። ጡረታ በውክልና የሚወሰድ ከሆነም አረጋዊው አእምሯቸው ንቁ ሳለ፣ የሚያምኑትን ሰው ራሳቸው መርጠው ይሁን።

ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ባለሙያ ሲመጡ፣ አብሯቸው የሚያድረው ሰው እንዲመጣ እጠይቃለሁ፤ ከሩቅ የመጣው ታላቅ ልጅ ብዙ ጊዜ የሌሊቱን ነገር አያውቅም። በቤት ውስጥ ያለ መድኃኒት ሁሉ፣ የባህል መድኃኒቱና ከጎረቤት የተዋሱት ክኒን ጭምር፣ በአንድ ፌስታል ይምጣ። ለውጡ መቼ እንደጀመረ ከአንድ የሚታወስ ቀን ጋር አያይዛችሁ፣ ከፋሲካ በፊት ወይም ከረመዳን በኋላ እያላችሁ ጻፉት፤ ወድቀው እንደሆነ፣ እንቅልፋቸውና አመጋገባቸው እንዴት እንደሆነም ጨምሩበት። መነጽርና ለመስማት የሚረዳ የጆሮ መሣሪያ ካላቸው አድርገውት ይምጡ። ከቤት ማውጣት ካልተቻለ ደግሞ የአካባቢያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም በቀበሌው ማኅበራዊ ጉዳይን የሚከታተለውን ሠራተኛ ቤት መጥተው እንዲያዩ ጠይቁ።